ባለ ጥለቷ መኪናችን

ባለቤቴ ያችን አሮጌ የጣልያን መኪና ደጃችን ድረስ ያመጣት ዕለት እኔ ጓዳ ገብቼ መዝጊያውን ከውስጥ ቀረቀርኩ። ምን ላድርግ፣ ፈሪ ነኝ። ነጎድጓድ እፈራለሁ። ውሻ እፈራለሁ። የቀበሌ ጡሩምባ ሲነፋ ማንም ሳይጠራኝ ብድግ ብዬ እቆማለሁ። ቦሌ ሚካኤል ስኖር ስንት ዘመኔ፣ ዛሬም አውሮፕላን በጣራችን ላይ ሲያልፍ አንገቴን ሰበር አደርጋለሁ። መኪና ደግሞ ሆዷ ውስጥ እሳት አንድዳ የምትሮጥ ነገር ናት። እንዴት አልፈራትም?

"ነይ ውጪ! ነይና እያት!" ይላል እሱ ከውጭ፣ ደስታ ድምፁን እንደ ልጅ አቅጥኖት።

"እዚያው ሆነህ ንገረኝ፤ ምን ትመስላለች?"

"ሰማያዊ ናት! እንዳንቺ አጭርና ድንቡሽቡሽ ያለች ናት!"

ወጣሁ። እውነቱን ነበር።

ባለቤቴ አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ ጭነት ክፍል ይሠራ ነበር። መኪናዋን ያገኛት ወደ አገሩ ከሚመለስ ፈረንጅ ነው። የግቢያችን በር ጠባብ ስለሆነ ከአጥሩ ውጭ፣ ቁንዶ በርበሬው ሥር አቆማት። ቁንዶ በርበሬን የሚያውቅ ያውቀዋል። ጥላው ደስ ይላል፤ ቅጠሉ ግን የደቀቀ ነው፣ ዓመቱን ሙሉ ይረግፋል፣ የማይገባበት ቀዳዳም የለም። እኔ ከሽሮ ወጥ ውስጥ ለቅሜ አውጥቻለሁ።

የመጀመሪያው ዝናብ እንደጣለ ባለቤቴ እጄን ይዞ ወሰደኝና ከፊት መስታወቱ ሥር ያለውን ወንፊት የመሰለ ነገር አሳየኝ።

"እዪ። ዝናቡ በዚህ ይገባል። ከዚያ በግራና በቀኝ ጎኗ ውስጥ ለውስጥ ወርዶ ከበሮቹ ሥር ባሉት ትንንሽ ቀዳዳዎች ይወጣል። ቅጠል ከደፈነው ግን ውሃው ሆዷ ውስጥ ይቀርና ብረቷን ይበላዋል። መኪናም እንደ ሰው ናት፤ የጠጣችውን ካልሸናች ትታመማለች።"

"እና ማነው የሚያሸናት?"

ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረ። እሱ ጎህ ሲቀድ ነው ለሥራ የሚወጣው።

እንዲህ ሆኜ ነው የመኪና ባለሙያ የሆንኩት። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ እጄ ከእስክሪብቶ ይልቅ ወስፌ ይቀናዋል። ስለዚህ የስፌት ወስፌዬን ያዝኩ፣ አንድ ጠንካራ የአውራ ዶሮ ላባም ጨመርኩ። በላባው ከመስታወቱ ሥር ያለውን ቅጠል እጠርጋለሁ፤ ከዚያ ጆንያ አነጥፍና በጀርባዬ ተኝቼ ከበሮቹ ሥር ያሉትን ቀዳዳዎች በወስፌው እነካካለሁ። የመጀመሪያው ቀን "በስመ አብ" ብዬ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር የወጋሁት፤ ትፈነዳለች ብዬ። አልፈነዳችም። ቀዝቃዛ ውሃ ከነቅጠሉ ሽው ብሎ በእጅጌዬ ገባና እስከ ብብቴ ደረሰ። የጮህኩት ጩኸት!

አጥር ጎረቤቴ ሮጣ መጣች። የቀበሌያችን የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር ነበረች፤ ድምጿ ያለ ማጉያ ሰፈሩን ያዳርሳል።

"ምን ሆንሽ አንቺ ሴት? ማን ነካሽ?"

"ሸናችብኝ!"

"ማን?"

"መኪናዋ!"

ሊቀመንበሯ አጥሩን ይዛ ቁጭ አለች። ሳቋ ሲለቃት "ወይኔ፣ እኔም ልሸና ነው" ብላ ወደ ቤቷ ሮጠች። ከዚያ ቀን በኋላ በየጠዋቱ በአጥሩ ላይ ብቅ እያለች "ሸናች?" ትለኛለች። "ሸናች፣ እግዚአብሔር ይመስገን!" እላታለሁ። ሰላምታችን ሆነ። ሥራውንም ወደድኩት። ለፈሪ ሰው እንዲህ ያለ ደስታ የለም፤ ወጋ ታደርጋለህ፣ ትደነግጣለህ፣ ከዚያ ምንም አትሆንም።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ልጄ ልትወልድ መጣች። የመጀመሪያ ልጅ እናት ቤት ነው የሚወለደው፤ ባሏም አስተማሪ ሆኖ ሩቅ ክፍለ ሀገር ተመድቦ ስለነበር ብቻዋን ነበረች። ጤና ጣቢያ ወስጄ ሳስመረምራት አዋላጇ ሆዷን ዳሰሰችና ፊቷን ቋጠር አደረገች። "ልጁ አልዞረም፤ በእግሩ ነው የሚመጣው። እቤት እንዳትሞክሩት። ምጥ እንደጀመራት ሆስፒታል!" አለችኝ።

በቃ፣ ከዚያ ወዲያ ውሻውንም ነጎድጓዱንም መፍራት ተውኩ። ፍርሃቴ ሁሉ አንድ ቦታ ተጠራቀመ። ባለቤቴ በኩፖን ያገኛትን ቤንዚን መኪናዋ ሆድ ውስጥ አስቀመጠና "እስክትወልድ ድረስ አንድ ጎማ አትንቀሳቀስም" ብሎ ማለ። መኪናዋ ቆመች። እኔ ግን በየጠዋቱ ላባዬንና ወስፌዬን ይዤ እወጣለሁ፤ ምጡ በመጣ ቀን ታማ እንዳትገኝ ብዬ። ልጄ ሆዷን ደግፋ በመስኮት ታየኛለች።

"እማዬ፣ እኔን ትተሽ መኪናዋን ታዋልጃለሽ?"

"አንቺንም በሷ ነው የማዋልደው፤ ዝም በይ!"

ይህን በመሰለ ሰላም ሳለን ከውጭ አገር ትልቅ እንግዳ ይመጣል ተባለ። ትልቅ እንግዳ ሲመጣ የቦሌ ሰው ያውቃል። ከአውሮፕላን ማረፊያው እስከ አብዮት አደባባይ ድረስ ባንዲራ ይዘን በመንገዱ ዳርና ዳር እንሰለፋለን። ቀበሌው ቤት ለቤት ዞሮ ሁላችንንም ለልምምድ አስወጣን። ባንዲራ እንዴት እንደሚወዛወዝ ሜዳ ላይ ስንማር ዋልን፤ በማግስቱም እንደዚያው። እኛ ስንለማመድ ሌሎቹ ሰፈሩን ያሳምሩ ነበር። የመፈክሩ ጨርቅ እንዳይሸፈን ቁንዶ በርበሬያችንን መለመሉት። ከዚያ ደግሞ "በመንገድ ዳር የቆመ ሁሉ ከጉልበት በታች ኖራ ይቀባ" የሚል ትእዛዝ ወርዶ ነበር። ድንጋዩ ተቀባ። የዛፉ ግንድ ተቀባ። የመብራት ምሰሶው ተቀባ።

ከልምምድ ስመለስ መኪናችን ነጭ ጥለት አውጥታ ጠበቀችኝ።

ከጉልበት በታች ዙሪያዋን ኖራ! ከላይ ሰማያዊ፣ ከታች ነጭ፣ ልክ የጥምቀት ቀሚስ። የተመለመለው ቅጠል ሁሉ ከላይዋ ፈሶ መስታወቷ አይታይም። ሊቀመንበሯ ብሩሿን እንደያዘች፣ አፍንጫዋ ላይ ኖራ ነጥቦባት፣ በኩራት ትስቃለች።

"መኪናሽንም አልረሳናትም!"

"እኔስ... እሷ እኮ ትነዳለች" አልኩ።

"መቼ? ከቆመች ስንት ጊዜዋ! የቆመ ሁሉ ነው የተባልነው።"

ሆኖም ሴትዮዋ ደግ ናት፣ ምን እላታለሁ። ቀስ ብዬ ጎንበስ ብዬ አየሁ። ቀዳዳዎቼ የሉም! ኖራው ከቅጠሉ ጋር ተቦክቶ እንደ ምርጊት ደፍኗቸዋል። ወስፌዬን አወጣሁና እንደገና መለስኩት። ያኔ አሻጥር የሚሏት ቃል ነበረች፤ አሻጥረኛ ከተባልክ አለቀልህ። ለእንግዳው ክብር የተቀባ ኖራ ስፍቅ ቢያዩኝስ? እንግዳው ይለፍ፣ ከዚያ እፍቀዋለሁ አልኩ። በዚያው ቀን ማምሻውን ዝናቡ ያለ ርኅራኄ ወረደ፤ ሲዘንብም አደረ።

እንግዳው የሚመጣበት ጠዋት ሰማዩ ጥርት አለ። ነጭ ቀሚሴን ለበስኩ፣ ባንዲራዬን ያዝኩ፣ ወስፌዬንም ከልማድ መቀነቴ ውስጥ ሻጥ አደረግሁ። ባለቤቴ ከመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ጋር ሊሰለፍ ጫማውን መስታወት አስመስሎ ጠርጓል። ልንወጣ ስንል ልጄ በሩን ይዛ ጎንበስ አለች።

"እማዬ፣ መጣ።"

"እንግዳው?"

"ልጁ!"

እንዴት መኪናዋ ውስጥ እንደገባን አላውቅም። ባለቤቴ መሪውን ያዘ፣ ልጄን ከኋላ ይዤያት ተቀመጥኩ። ሞተሩ አስነጠሰ፣ አሳለ፣ ተነሣ። ተንቀሳቀስን። ከዚያ ከሥራችን አንድ ድምፅ መጣ። ቦጭ! ባለቤቴ ፍሬን ሲይዝ ውሃው ወደ ፊት፣ ቦጭ! ሲነዳ ወደ ኋላ፣ ቦጭ! ጠመዝማዛው ላይ ደግሞ ከፊት ከመሪው ሥር ግልብጥ ብሎ የባለቤቴን የተጠረገ ጫማ ሞላው።

"እግሬ! እግሬ!" ይላል እየነዳ።

ልጄ ምጡ ለቀቅ ሲያደርጋት ሆዷን ይዛ መሳቅ ጀመረች። "እማዬ፣ መኪናዋም እርጉዝ ናት!"

"አትሳቂ! ሳቅ ልጁን ይገፋዋል!" እላለሁ፤ ግን እኔም ሳቄን መያዝ አልቻልኩም። ፍርሃት ሲበዛ ሳቅ ይሆናል መሰለኝ። ምጡ ሲመጣ ሦስታችንም እንጮኻለን፣ ሲሄድ ሦስታችንም እንስቃለን፣ መኪናዋ ከሥር ቦጭ ቦጭ ትላለች።

ትልቁ መንገድ ስንደርስ ገመድ ተወጥሯል። ወዲያና ወዲህ ሕዝቡ ባንዲራ ይዞ እንደ አጥር ቆሟል። ጺሙ ገና ያልጠና አሥር አለቃ እጁን ዘረጋ።

"መንገዱ ዝግ ነው! ተመለስ!"

"ጓድ አሥር አለቃ፣ ልጄ በምጥ ላይ ናት" አለ ባለቤቴ።

አሥር አለቃው በመስኮት ጎንበስ ብሎ ልጄን አየ። ፊቱ ራራ። ገመዱን ሊያነሣ እጁን ሰደደ፤ ያኔ ልጄ ምጥ መጥቶባት ስትወራጭ መኪናዋ ተናወጠች። ቦጭ! ቦጭ! እጁ ገመዱ ላይ ቀረ።

"ይህ ምንድን ነው?"

"ውሃ ነው" አለ ባለቤቴ።

"ውሃ? መኪና ውስጥ ውሃ?" በጡጫው በሩን ከታች መታው። ድምፁ እንደ ሙሉ በርሜል ድፍን አለ። ዓይኑ ጠበበ። "ቤንዚን ነው የደበቅከው! ውረድ!"

ቤንዚን በኩፖን በነበረበት ዘመን ቤንዚን ደበቀ የተባለ ሰው የት እንደሚገባ ሁሉም ያውቃል። የባለቤቴ አንገት ወደ ትከሻው ሲገባ ከኋላ አየሁት። ግን የልጄ እጅ ጣቶቼን ጨምቆ ይዟቸው ነበርና ልፈራበት የሚሆን ቦታ አጣሁ። እጄን አላቀቅሁ፣ በሩን ከፈትሁ፣ ማንንም ሳላስፈቅድ በነጭ ቀሚሴ አስፋልቱ ላይ በጀርባዬ ተዘረጋሁ።

"እማማ! ምን ያደርጋሉ? ይነሡ!"

"ቆይ ልጄ፣ አንድ ጊዜ ቆይ፤ ላሸናት ነው!"

"ማንን?"

"እሷን! መኪናዋን!"

ወስፌዬን ከመቀነቴ መዘዝኩና ቀዳዳዋ ትኖራለች ባልኩት ቦታ ላይ ወጋሁ። ኖራው እንደ ድንጋይ ነው። ደገምኩት። በመዳፌ መታሁት። ተሰነጠቀ። ከዚያማ ምን ልበላችሁ! የኖራው ቁራጭ ተፈናጥሮ ወጣና ውሃው፣ ቅጠሉ፣ ጭቃው፣ ነጩና ቡናማው ተቀላቅሎ ፏ አለ። የአሥር አለቃውን ቦት ጫማ አለበሰው፣ የእኔን ሹሩባ አጠበው። በዚያችው ቅጽበት ልጄ ከውስጥ ሰፈር የሚያፈርስ ጩኸት ለቀቀች።

ከገመዱ ወዲያ የቆሙት ሴቶች ያዩት ይህን ነው። በምጥ የምትጮህ ሴት፣ ከመኪናዋም ሥር ጎርፍ።

"የሽርት ውሃዋ ፈሰሰ!"

"ይህ ሁሉ?"

"መንታ ነው በይ!"

"መንታማ እንዲህ አይፈስም፤ ሦስት ነው!"

"እልልልልል!"

አሥር አለቃው ግን ጎንበስ ብሎ ጣቱን ነከረና አሸተተ። እኔ ከሥር ሆኜ ፊቱን አያለሁ። ደግሞ አሸተተ።

"ቁንዶ በርበሬ ነው" አለ።

"ቁንዶ በርበሬ ነው፣ ልጄ! አፈር ስሆን! ዛፋችን ነው!"

የአሥር አለቃው ከንፈር መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሳቁን ሊውጥ ታገለ፣ አልተዋጠለትም። ብብቴን ይዞ ከመሬት አነሣኝና ሞተር ብስክሌቱ ላይ ወደ ተቀመጠው ወታደር ዞሮ ጮኸ።

"ቅደምላቸው! እስከ ሆስፒታሉ!"

"እንግዳውስ?"

"እንግዳው ገና ሰማይ ላይ ነው። ይኸኛው ደርሷል፤ ቅደም!"

ገመዱ ወረደ።

በሕይወቴ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም፣ አላይምም። ያ ሰፊ የቦሌ መንገድ ባዶ ነበር፤ ታጥቧል፣ አንድ መኪና የለበትም። ከፊታችን ሞተረኛው ጡሩምባውን ያስጮኻል። ሕዝቡ ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ ላይ ቆሞ ሰልችቶታል፤ ጡሩምባ ሰማ፣ ሞተር አየ፣ ከኋላውም ባለ ነጭ ጥለት ሰማያዊ መኪና። በቃ! ባንዲራው ሁሉ በአንድ ጊዜ ተነሣ። ጭብጨባው እንደ ዝናብ ከፊታችን እየቀደመ ሄደ። አንዱ ጋ የተሰለፈው የማርሽ ባንድ ነጋሪቱን መታ፣ ጡሩምባውን ነፋ። ባለቤቴ መጀመሪያ አቀርቅሮ ነበር፤ ቀስ ብሎ ቀና አለ፤ ኋላ ደረቱን ነፋና በመስኮት እጁን አውጥቶ እንደ መሪ ወዲህና ወዲያ ያወዛውዝ ጀመር።

"እጅህን አስገባ! ያስሩናል!" አልኩት።

"ሰላምታ ነው እኮ! ሰላምታ ካልመለስኩ ነው የሚያስሩኝ!"

ልጄ በምጥና በሳቅ መሐል ሆና "አባዬ፣ ንዳ! አባዬ፣ ንዳ!" ትላለች። እኔም አሳቢ ሴት ነኝ አይደል፣ ለሰልፍ ተጠርቼ እንዳልቀረሁ እንዲታይልኝ ብዬ ባንዲራዬን በሌላው መስኮት አወጣሁና እንደ ተለማመድነው አድርጌ አወዛወዝኩ። የእኛ ቀበሌ ከተሰለፈበት ስንደርስ ሊቀመንበሯ መፈክር ልታሰማ አፏን ከፍታለች። ጥለቷን አየች። እኔን አየች፣ ፀጉሬ ላይ ቅጠል፣ እጄ ላይ ባንዲራ። አፏ እንደተከፈተ ቀረ፤ ከዚያ መፈክሩ ቀርቶ እልልታ ወጣ። ዞር ብዬ ሳያት ገና እልል እያለች ነበር። በስተኋላችን አስፋልቱ ላይ ቀጭን ውሃ እየተንጠባጠበ መንገዳችንን ይጽፋል።

ሆስፒታሉ በር ላይ ልጄን አቅፈን ስናወርዳት የራሷም ውሃ እግሯ ሥር ፈሰሰ። የሆስፒታሉ አዋላጅ ፈጠን ፈጠን እያለች መጣችና ጋሪ አልጋውን እየሳበች ባለቤቴን ጠየቀችው።

"የሽርት ውሃዋ መቼ ፈሰሰ?"

ባለቤቴ ጫማው ውስጥ ውሃ እየተንጨቀጨቀ፣ ዓይኑ ፈጥጦ፣

"የማንኛዋ?" አላት።

ከዚያ በሩ ተዘጋ። ሳቁም አብሮ ተዘጋ። ግድግዳው ሥር ተቀመጥን። ወስፌዬን በመዳፌ ውስጥ ይዤ የልጄን ስም ለእመቤቴ ማርያም እየደጋገምኩ ነገርኳት፣ እንዳትረሳት ብዬ። ከውጭ በሩቅ የሕዝብ ጭብጨባ ተሰማ፤ እንግዳው ደርሶ ይሆናል፣ ዞሬም አላየሁ። ከብዙ ቆይታ በኋላ አንዲት ቀጭን፣ ቁጡ ልቅሶ መጣች። አዋላጇ ግንባሯን እየጠረገች ብቅ አለች።

"ሴት ናት። በእግሯ ነው የገባችው፣ እንደ ሹም። እናቲቱም ደኅና ናት።"

ባለቤቴ ተነሣ፣ ተቀመጠ፣ ተነሣ። ጫማውን አወለቀና ውሃውን ደፋ።

ወደ ቤት ባስገባናቸው ማግስት ሊቀመንበሯ በአጥሩ ሳይሆን በበሩ መጣች። ፊቷን አጥቁራለች። እኔም የማውቀው ፍርሃቴ ተመለሰ።

"ከሰልፉ ቀርተሻል" አለችኝ።

"እኔ... አልቀረሁም፤ መሐል መንገዱ ላይ..."

"አይቼሻለሁ!" አለችና ፊቷ ፈረሰ። ሳቋ እስክትታነቅ ድረስ ወረደ። ከነጠላዋ ሥር የገንፎ ቅቤ አወጣች፣ ቀጥላም ደነዝ የሽንኩርት ቢላ።

"ቢላው ምንድን ነው?"

"ኖራውን እኔ ነኝ የቀባሁት፤ እኔው እፍቀዋለሁ። አሻጥር ነው የሚል ካለ እኔን ይጥራኝ።"

ጆንያውን አነጠፍን። ሁለት የልጆች እናቶች ጎን ለጎን በጀርባችን መኪናዋ ሥር ገባን፤ እሷ በቢላ ትፍቃለች፣ እኔ በወስፌ እወጋለሁ። ኖራው ዓይናችን ላይ ይረግፋል። በወዲያኛው ጎን የቀረው ቀዳዳ ጠቅ ሲል የተረፈው ውሃ ፊታችን ላይ ወረደ፤ ሁለታችንም ጮኽን።

ልጄ ከቤት ውስጥ ተጣራች።

"እማዬ! ድረሽልኝ፣ ልጅቷ ሸናችብኝ!"

"እዚህም ሸናች!" አለች ሊቀመንበሯ፣ ሰፈሩ ሁሉ እስኪሰማ።